እምብዛም የማይታይ የዓይን በሽታ ካለባችሁ፦ በምልከታ ጥናት እንዴት ትሳተፋላችሁ?

ሰኔ ወር ነበር። ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና በእግራችን እየወረድን ነው። ታናሽ ወንድሜ ድንገት የሸሚዜን እጅጌ ያዘ። ምንም አላለም፤ ዝም ብሎ ያዘ። ለእኔ ገና ብርሃን ነው። ለእሱ ግን የእግረኛው መንገድ ጠፍቶበታል። "ከመቼ ጀምሮ ነው?" ስለው "ቆየ" አለኝ።

ቤት ውስጥ "ዳፍንት ነው፣ ጉበት ይብላ" ተባለ። ጉበት በላ። ካሮት በላ። ጠበልም ተጠመቀ። የእናቴ ምክር ከመሬት የተነሳ አልነበረም፤ የቫይታሚን ኤ እጥረት በእርግጥም ዳፍንት ያመጣል። የወንድሜ ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ። ዶክተሯ የዓይኑን ውስጥ በደንብ አይተው "ሬቲናይተስ ፒግመንቶሳ ይባላል" አሉን። በዘር የሚተላለፍ፣ ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን ክፍል፣ ሬቲናን፣ ቀስ በቀስ የሚያደክም በሽታ ነው። ከዚያ "አንድ ጥናት አለ፣ መሳተፍ ትፈልጋለህ?" ብለው ጠየቁት።

እኔ ነኝ የዘለልኩት። "ወንድሜ ላይ መድኃኒት አይሞከርም!" አልኩ። ዶክተሯ አልተቆጡም። "ጥናቱ መድኃኒት የለውም። እናያለን፣ እንለካለን፣ እንመዘግባለን፤ በቃ" አሉኝ።

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት አለፈ። በየዓመቱ አብሬው እሄዳለሁ። ያኔ ማንም ቁጭ አድርጎ ያላስረዳኝን ነገር ነው አሁን በቅደም ተከተል የምጽፍላችሁ።

መጀመሪያ፦ የምልከታ ጥናት ምን እንደሆነ እወቁ

በምልከታ ጥናት ተመራማሪው ምንም አይነት አዲስ ሕክምና አይሰጣችሁም። የነበራችሁበት ሕክምና ካለ ይቀጥላል። እሱ የሚፈልገው በሽታው በራሱ መንገድ ሲሄድ ማየት ነው። አንዳንዱ ጥናት አንድ ቀን ብቻ ታይታችሁ የሚያልቅ ነው። አንዳንዱ የድሮ ካርዳችሁን ብቻ ያገላብጣል። አንዳንዱ ደግሞ እንደ ወንድሜ ለዓመታት ይከታተላችኋል።

"ታዲያ ምን ይጠቅማል?" ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። መልሱ እንዲህ ነው። ነገ አንድ መድኃኒት ተገኘ እንበል። መድኃኒቱን የወሰደ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ዓይኑ ብዙም አልደከመም። መድኃኒቱ ሠራ ማለት ነው? በሽታው ያለ መድኃኒት በሁለት ዓመት ምን ያህል እንደሚያደክም ካልታወቀ ማንም መመለስ አይችልም። ሬቲናይተስ ፒግመንቶሳ ቀርፋፋ ነው። ፍጥነቱም ከሰው ሰው፣ ከዘረመል (ከጂን) ዘረመል ይለያያል። ስለዚህ አንድ ሰው መጀመሪያ ቁጭ ብሎ መለካት አለበት።

ለምሳሌ ረሽ ቱ ኤ የሚባል ጥናት አለ። ዩኤስኤች2ኤ በተባለው ዘረመል ላይ ለውጥ ያለባቸውን ከ100 በላይ ሰዎች ለ4 ዓመት ተከታትሏል። በዚህ ዘረመል ምክንያት የሚመጣው ችግር በአንዳንዶቹ ላይ ጆሮንም ይነካል። ለማንም መድኃኒት አልተሰጠም። ከዚያ የወጡት ቁጥሮች ግን መድኃኒት ለሚሞክሩ ሰዎች መነሻ ሆነዋል።

በዘር ለሚመጣ የሬቲና በሽታ የመጀመሪያው የዘረመል ሕክምና በአሜሪካ የተፈቀደው በታኅሣሥ 2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ላክስተርና ይባላል። አርፒኢ65 የተባለው ዘረመል ለተበላሸባቸው ሰዎች ብቻ ነው የሚሆነው፤ ያውም ገና ያልሞቱ የሬቲና ሴሎች ካሏቸው። ይህን የማነሳው ተስፋ ልሸጥላችሁ ብዬ አይደለም። "ዓይኔ ታሟል" ከማለት "የትኛው ዘረመሌ ነው? ምን ያህልስ ቀርቶኛል?" ወደ ማለት መሄድ ለምን እንደሚያስፈልግ እንድታዩ ነው።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ይያዝ። የምልከታ ጥናት ዓይናችሁን አያድንም። "ጥሩ ምርመራ በነጻ አገኛለሁ" ብላችሁ ብትገቡ ነውር የለውም፤ ብዙ ጊዜ እውነትም ነው። "ያድነኛል" ብላችሁ ከገባችሁ ግን በሁለተኛው ዓመት ታኮርፋላችሁ።

1. የበሽታውን ስም በጽሑፍ ያዙ

ስሙ በትክክል ያልታወቀ በሽታ ይዛችሁ ጥናት መፈለግ አትችሉም። አዲስ አበባ ውስጥ የመንግሥት ሕክምና መንገዱ የታወቀ ነው፦ ጤና ጣቢያ፣ ሪፈር፣ ሆስፒታል። ቀበና በኩል ያለው ምኒልክ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና ስሙ የቆየ ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ትምህርት ክፍልም ለረጅም ዓመታት የሠራው እዚያ ነው። በግል ክሊኒክ ከጀመራችሁም ችግር የለውም። ዋናው የሬቲና ስፔሻሊስት ጋ መድረስ ነው።

እዚያ ስትደርሱ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ የበሽታውን ስም በላቲን ፊደል በወረቀት ላይ እንዲጽፉላችሁ። በጆሮ የሰማችሁት ስም ቤት እስክትደርሱ ይቀየራል። እናቴ እስከዛሬ የወንድሜን በሽታ "ያ የፒግመንት ነገር" ነው የምትለው። ሁለተኛ፣ የተነሱትን የሬቲና ፎቶዎችና የኦሲቲ (የሬቲናን ንብርብሮች የሚያነሳ ማሽን) ምስሎች ግልባጭ። በፍላሽ ካልሆነ በስልካችሁ ስክሪኑን አንሱ፤ መጀመሪያ ግን አስፈቅዱ። ካርድ ክፍል ካርድ ሊጠፋ ይችላል። ስልካችሁ ላይ ያለው ግን የናንተ ነው።

ከመቀጠሌ በፊት፣ የትንሽ ልጅ ፎቶ ስታነሱ የአንዱ ዓይን ብሌን ነጭ ሆኖ ቢያበራ ይህን መመሪያ ዝጉትና በማግስቱ ሐኪም ጋ ሂዱ። ሬቲኖብላስቶማ የሚባል የሕፃናት የዓይን ካንሰር ሊሆን ይችላል። እሱም እምብዛም የማይታይ በሽታ ነው፤ ግን ጥናት የሚጠበቅበት ጊዜ የለውም። ቶሎ ከተደረሰበት ሕይወት ይተርፋል።

2. ጥናት መፈለግ

ቀላሉ መንገድ መጠየቅ ነው። ሐኪማችሁን "በዚህ በሽታ ላይ ጥናት የሚሠራ ሰው አለ?" በሏቸው። በማስተማሪያ ሆስፒታሎች ስፔሻሊቲ የሚማሩ ሬዚደንት ሐኪሞች ለመመረቂያቸው ጥናት ይሠራሉ። አንዳንዴ የምትፈልጉት ሰው ዛሬ ጠዋት ጠብታ ያደረገላችሁ ወጣት ሐኪም ሊሆን ይችላል። አሁን ጥናት ከሌለ ስማችሁንና ስልካችሁን ትታችሁ ሂዱ፤ "ሲጀመር ደውሉልኝ" በሉ። እምብዛም በማይታይ በሽታ ላይ ተመራማሪው ታማሚ ፍለጋ ይቸገራል። በዓለም ላይ ሬቲናይተስ ፒግመንቶሳ ያለበት በግምት ከ4,000 ሰው አንዱ ነው፤ ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ይህ እንኳን "ብዙ" የሚባለው ነው።

በኢንተርኔት የምትፈልጉ ከሆነ ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ገቭ (ClinicalTrials.gov) የሚባለው የአሜሪካ መዝገብ ላይ የበሽታውን ስም አስገቡ፤ ከጥናት ዓይነቶቹ ውስጥ የምልከታውን ምረጡ። ያ በላቲን ያስጻፋችሁት ስም የሚሠራው እዚህ ጋ ነው። ብዙው ጥናት ውጭ አገር ነው፤ በአካል መገኘት ይጠይቃል። ታማሚዎች ራሳቸው ከያሉበት መረጃቸውን የሚያስገቡባቸው መዝገቦችም አሉ። ከኢትዮጵያ የሚመዘገብ ሰው እንደሚቀበሉ መጀመሪያ አንብቡ።

እንዲህ ያለ መዝገብ ስትሞሉ ሁለት ነገር ሰው ያሳስታል። አንዱ ቀን ነው። የልደት ዘመናችሁን በእኛ አቆጣጠር ከጻፋችሁ ዕድሜያችሁ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጨመራል። በእንዲህ ያለ በሽታ ላይ "በ14 ዓመቱ ጀመረው" እና "በ22 ዓመቱ ጀመረው" ሁለት የተለያየ ታሪክ ነው። ሌላው ስም ነው። የቤተሰብ ስም ሲሉ የአባታችሁን ስም ትጽፋላችሁ። ወንድማችሁ በአያቱ ስም ከሞላ ግን ሁለታችሁ የማትዛመዱ ሰዎች ትሆናላችሁ። ቤተሰቡ በሙሉ ፓስፖርት ወይም ፋይዳ ላይ ባለው ስም አንድ ዓይነት አድርጎ ይሙላ።

3. እውነተኛ ጥናት መሆኑን አጣሩ

እዚህ ላይ አፍራችሁ አትለፉ። ሰው ላይ የሚሠራ ጥናት ከመጀመሩ በፊት የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ አይቶ መፍቀድ አለበት። ጥቁር አንበሳ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ የራሱ ኮሚቴ አለው፤ ሌሎች የምርምርና የማስተማሪያ ተቋማትም እንዲሁ። "የሥነ ምግባር ፈቃዱን ማየት እችላለሁ?" በሉ። ቁጥርና ማህተም ያለው ደብዳቤ ነው። ትክክለኛ ተመራማሪ ይህን ስትጠይቁት ደስ ይለዋል። የስምምነት ቅጹ ላይም የኮሚቴው ስልክ መኖር አለበት። የተመራማሪው ብቻ አይበቃም፤ በተመራማሪው ላይ ቅሬታ ቢኖራችሁ ለማን ልትደውሉ ነው?

በጥናቱ አዲስ መድኃኒት የሚሰጥ ከሆነ የምልከታ ጥናት አይደለም። ያኔ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ይመለከተዋል፤ የምትጠይቁት ጥያቄም ይበዛል።

አንድ ምልክት ግን ከሁሉም ይበልጣል። ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ጥናት አትግቡ። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ሦስት ሴቶች፣ ቢያንስ አንዷ "ጥናት" መስሏት፣ እያንዳንዳቸው 5,000 ዶላር ከፍለው ሁለት ዓይናቸው ውስጥ ከራሳቸው ስብ የወጣ ሴል ተወጉ፤ የዓይን ብርሃናቸው ክፉኛ ተጎዳ። የሕክምና መጽሔት ላይ በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወጥቷል። ቢያንስ አንዷ ያገኘችው ከላይ በጠቀስኩት መዝገብ ላይ ነበር። መዝገቡ ላይ መስፈር ማለት መንግሥት አይቶ አጽድቆታል ማለት አይደለም። ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ "ለዓይነ ስውርነት አዲስ ሕክምና፣ ቦታ ውስን ነው" የሚል ስታዩ ይህን አስቡ። በትክክለኛ የምልከታ ጥናት ብር የሚንቀሳቀስ ከሆነ ወደናንተ ነው፤ ለትራንስፖርትና ለባከነው ቀን የሚሰጥ ትንሽ ገንዘብ።

4. የስምምነት ቅጹን ቤት ወስዳችሁ አንብቡ

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ነው። ኮሪደር ላይ ቆመን፣ ተራ የሚጠብቅ ሰው ከኋላችን እየተነፈሰ፣ "እዚህ ጋ ፈርሙ" ስንባል እንፈርማለን። ሐኪም ፊት "ልሂድና ላስብበት" ማለት ድፍረት ይመስለናል። አይደለም። መብት ነው። "ቅጹን ቤት ወስጄ ከቤተሰቤ ጋር ልየው" በሉ። "አይቻልም" የሚላችሁ ጥናት ይቅርባችሁ።

ቅጹ በምትሰሙት ቋንቋ መሆን አለበት። አማርኛ የማይቀላችሁ ከሆነ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሌላም ቋንቋ ጠይቁ። የዓይን በሽታ ጥናት ሆኖ ሳለ ቅጹ በደቃቅ ፊደል የሚታተም መሆኑ ያናድደኛል። በትልቁ አሳትመው እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። ማንበብ የማይችል ሰው ሙሉው ይነበብለት፤ ሲፈርም ወይም በጣቱ ሲፈርም ከጥናቱ ሠራተኞች ውጭ የሆነ ምስክር አብሮ ይኑር። እኛ ሳሎን ቁጭ ብለን እኔ ጮክ ብዬ አነበብኩ፣ ወንድሜ በየአንቀጹ "ቆይ" እያለ አስቆመኝ። ሦስት ገጽ ለማንበብ አንድ ሰዓት ፈጀብን። ከዚያ ሰባት ጥያቄ ይዘን ተመለስን።

ከጥያቄዎቹ ውስጥ ለናንተም ይጠቅማሉ የምላቸው እነዚህ ናቸው። ስንት ጊዜ መምጣት አለብኝ፣ ለስንት ዓመት? ብተው ሕክምናዬ ይነካል? (መልሱ "አይነካም" መሆን አለበት፤ ቅጹ ላይም መጻፍ አለበት።) ስሜ ከመረጃው ጋር ይቀመጣል ወይስ በኮድ ይቀየራል? ኮዱን የሚያውቀው ማን ነው? አቋርጬ ብወጣ እስከዚያ የሰጠሁት መረጃስ? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የጤናና የዘረመል መረጃ ለብቻው ጥበቃ የሚደረግለት ነው። ስለዚህ ጥያቄው የናንተ ጭንቀት ብቻ አይደለም፤ ሕግም አለበት።

ደም ወይም ምራቅ የሚወሰድ ከሆነ ደግሞ ትንሽ ጠለቅ በሉ። ናሙናው ውጭ አገር ይሄዳል? ከሄደ በምን ስምምነት? ለዚህ ጥናት ብቻ ነው ወይስ ተቀምጦ ለሌላም ይውላል? ለሁለተኛው ለብቻው "አዎ" ወይም "አይ" የምትሉበት ሳጥን መኖር አለበት።

እስቲ ደግሞ ማንም የማያነሳውን ላንሳ። የዘረመል ምርመራ የቤተሰብ ምስጢር ሊያወጣ ይችላል። እናት፣ አባትና ልጅ አብረው ሲመረመሩ አባት የተባለው ሰው የሥጋ አባት እንዳልሆነ ሊታይ ይችላል። "እንዲህ ያለ ነገር ብታዩ ምን ታደርጋላችሁ? ለማን ትናገራላችሁ?" ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። መልሱን ስትሰሙ ምርመራው ውስጥ ማን ቢገባ እንደሚሻል ራሳችሁ ትወስናላችሁ። ትዳር ከፈረሰ በኋላ መጠየቅ ጥቅም የለውም።

ለልጅ የሚፈርመው ወላጅ ነው። ነገር የሚገባው ልጅ ከሆነ ግን እሱም ይጠየቅ። "አልፈልግም" ካለ ይሰማ። የተፈረመውን ቅጽ አንድ ቅጂ ሳትይዙ አትውጡ።

5. ታሪካችሁን ሰብስቡ

ተመራማሪዎች ሁለት ታሪክ ይጠይቃሉ፦ የዓይናችሁንና የዘራችሁን።

በዘር ታሪክ እኛ የሚጠቅም ነገር አለን። "እስከ ሰባት ቤት" መቁጠር እናውቃለን። ለጋብቻ የምንቆጥረው ለዚህም ይሆናል። ትልቅ ወረቀት ውሰዱ። ወንድ አራት ማዕዘን፣ ሴት ክብ። የታመመውን አጥቁሩት። ባልና ሚስቱ የሥጋ ዝምድና ካላቸው በመካከላቸው አንድ ሳይሆን ሁለት መስመር አስምሩ። ከዚያ አያታችሁ ጋ ቡና ይፈላ። "በማታ የማያይ ሰው ነበረን?" ብላችሁ ጠይቁ። "ዕውር ነበረ?" አትበሉ፤ እንደዚያ ሲጠየቁ "በዘራችን የለም!" ነው መልሱ። እኛ አያታችንን "ሲመሽ ከቤት የማይወጣ ሰው ነበር?" ስንላቸው ወዲያው "አጎቴ ነዋ፣ ለእራት እንኳን ጎረቤት አይሄድም ነበር፤ ኩሩ ነው ይሉት ነበር" አሉን። ኩሩ አልነበረም። አይታየውም ነበር። ያ ሰው ወረቀታችን ላይ የጠቆረ አራት ማዕዘን ሆነ።

የዓይናችሁን ታሪክ ደግሞ ቀኑን በምታስታውሱት ነገር እሰሩት። ወንድሜ "መቼ ጀመረህ?" ሲባል አያውቅም። "በሚሊኒየሙ ዋዜማ ርችት ሲተኮስ መንገዱን ታየው ነበር?" ስንለው ግን ያስታውሳል። ስምንተኛ ክፍል፣ የደመራ ማታ፣ ኮሮና የገባበት ዓመት፤ እንዲህ ያለ ችንካር ፈልጉ። የምሽት ማየት፣ ከጎን የሚመጣ ነገር መግጨት፣ የቀለም መለየት፣ ጆሮ፤ እያንዳንዱ መቼ እንደተለወጠ ጻፉ።

ያደረጋችሁትን ሁሉ ተናገሩ። ጠበሉንም፣ ዓይን ውስጥ የተጨመቀውን ቅጠልም፣ ከውጭ የመጣውን ቫይታሚንም። ማንም አይስቅባችሁም። ዓይን ላይ የተደረገ ቅጠል የዓይንን ፊት ሊያቆስል ይችላል፤ ሐኪሙ ያንን ጠባሳ ከበሽታው ጋር እንዳያምታታ ማወቅ አለበት።

6. የምርመራው ቀን

ሰዓቱን አረጋግጡ። "ጠዋት 3 ሰዓት" በእኛ ነው ወይስ በፈረንጅ? የውጭ ተባባሪ ያለበት ጥናት ላይ አጭር መልእክት ሲመጣ ይህ ይምታታል።

ሰው ይዛችሁ ሂዱ። የዓይን ብሌን የሚያሰፋው ጠብታ ለብዙ ሰዓት ቅርብ ያለውን ያደበዝዛል፣ ብርሃንም ያስፈራል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የስድስት ሰዓት ፀሐይዋን ብሌኑ ተከፍቶ መቀበል ያማል። ኮፍያ፣ መነጽር፣ ሌላው ቢቀር ነጠላ ያዙ። መኪና አትንዱ። ታክሲ ሰልፍ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ስለማትችሉ የሚቻል ከሆነ ለመመለሻ ራይድ እዘዙ።

ቁርስ ብሉ፤ ቀኑ ረጅም ነው። ምራቅ የሚወሰድ ከሆነ ብቻ ከዚያ በፊት ለግማሽ ሰዓት ምንም አትብሉ፣ አትጠጡ፣ ማስቲካም አታኝኩ።

ፊደል ማንበቡ ከጠብታው በፊት ይመጣል። ኦሲቲ አገጫችሁን አስደግፋችሁ አንድ ነጥብ የምታዩበት ማሽን ነው፤ ዓይን አይነካም፣ በደቂቃዎች ያልቃል፣ የሬቲናን ንብርብሮች ያነሳል። የሬቲናን ኤሌክትሪክ የሚለካው ምርመራ ካለ ቢያንስ 20 ደቂቃ ጨለማ ውስጥ መቀመጥ አለ። ስልካችሁን እዚያ እንዳትከፍቱ፤ የጨለማው ነገር ከዜሮ ይጀምራል።

አድካሚው የእይታ ስፋት ምርመራው ነው። ጎድጓዳ ነጭ ሳህን ውስጥ ፊታችሁን ታስገባላችሁ። አንድ ዓይን ይሸፈናል። መሐል ያለውን ነጥብ እያያችሁ፣ ከጎን ትንሽ ብርሃን ብልጭ ሲል ቁልፍ ትጫናላችሁ። ጸጥ ያለ ነው። ማሽኑ "ጢክ፣ ጢክ" ይላል። በመጀመሪያው ዓመት ወንድሜ ከውስጥ ሲወጣ ሸሚዙ በላብ ርሶ ነበር። "ብዙ ሳልጫን ስቀር ፈራሁ፣ ድምፁን እየሰማሁ ተጫንኩ" አለኝ። ፈተና መስሎት ነው። ሲስተር በእርጋታ አስቀምጠው "አንተ ካላየህ አላየህም፤ እኛ የምንፈልገው እሱን ነው" አሉት። ከእረፍት በኋላ ደገመው። ሁለተኛው ውጤት ከመጀመሪያው የባሰ ነበር፤ የሚጠቅመው ግን እሱ ነበር። የማሽኑን ድምፅ ሰምቶ የተጫነ ሰው በሚቀጥለው ዓመት በሐቅ ሲሠራ ዓይኑ በአንድ ዓመት የተበላሸ ይመስላል። ስለዚህ አትገምቱ። ሲደክማችሁ "ልረፍ" በሉ።

7. ተመለሱ

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለእኔ ትልቁ ይሄ ነው። የተፈረመው ቅጽ ጥናት አይደለም። አንዴ የተለካ ዓይን አንድ ነጥብ ነው፤ በአንድ ነጥብ መስመር አይሰመርም። በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ዓመት ስትመለሱ ነው በሽታው በምን ፍጥነት እንደሚሄድ የሚታወቀው። በሺህ የሚቆጠር ሰው ያለበት ጥናት ላይ አሥር ሰው ቢጠፋ ይቻላል። ሃያ ሰው ባለበት ጥናት ላይ አሥር ሰው ከጠፋ ጥናቱ አበቃ።

የሚጠፋው ደግሞ ሰነፉ ብቻ አይደለም። ዓይኑ የባሰበት ሰው መንገዱ ስለሚከብደው ይቀራል፤ ደህና የሆነው "ምን አለኝ" ብሎ ይቀራል። ያኔ መምጣት የቀጠሉት ሰዎች ቁጥር የበሽታውን መልክ ያዛባል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፦ ሥራዬ ያስፈቅደኛል? የሚያደርሰኝ ሰው አለ? መልሱ "አይመስለኝም" ከሆነ የአንድ ቀን ጥናት ምረጡ። እሱም ክቡር ነው።

ሁለት የስልክ ቁጥር ስጡ፦ የራሳችሁንና የማይቀየር የዘመድ። ይህን በፒያሳ አይተነዋል። ሰፈሩ ሲነሳ የጎረቤት ልጅ ቤተሰብ ወደ ዳር ሄደ፤ ስልኩም ተቀየረ። ከአንድ ጥናት ሲፈለግ ከርሞ እኛ ጋ ተደወለ። ደግነቱ እናቱ የእኛን ቁጥር ሰጥተው ነበር። አድራሻ ስትቀይሩ እናንተ ቀድማችሁ ደውሉ። በመካከል የዓይን ቀዶ ሕክምና ካደረጋችሁ፣ አዲስ መድኃኒት ከጀመራችሁ፣ ካረገዛችሁም ተናገሩ።

መተው ከፈለጋችሁ ተዉ፤ ምክንያት አትጠየቁም። ግን ዝም ብላችሁ አትጥፉ። "በቃኝ" ብላችሁ ደውሉ። "አቋረጠ" እና "የት እንደገባ አይታወቅም" ለተመራማሪው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

8. ውጤቱ

የዓይን ልኬቱን በዚያው ቀን ጠይቃችሁ ያዙ። የዘረመል ውጤት ግን ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል። ሲመጣም "ለውጥ አግኝተናል፣ ግን ትርጉሙ ገና አልታወቀም" ሊሆን ይችላል። የወንድሜ እንደዚያ ነበር። በጣም ከፋን። በኋላ እንደገባኝ በዓለም የዘረመል መዝገቦች ውስጥ የአፍሪካ ሰው መረጃ ጥቂት ስለሆነ የእኛ ለውጥ በሽታ አምጪ ይሁን ወይስ ጤነኛ ሰውም ላይ ያለ ለመለየት ይቸገራሉ። የሚያመሳክሩት ሰው ያንሳቸዋል። ስለዚህ በየዓመቱ ስትሄዱ "ያ ለውጥ አዲስ ነገር ተገኘለት?" ብላችሁ ጠይቁ፤ የዛሬ ያልታወቀ ነገ ሊታወቅ ይችላል። ወረቀቱን ከሥዕሉ፣ ከቅጹና ከምስሎቹ ጋር በአንድ ፕላስቲክ ፋይል አኑሩት። እህት ወይም ወንድም ልጅ ሲወልድ የሚፈለገው ያ ፋይል ነው።

የወንድሜ አራተኛ ቀጠሮ ጥር 15 ነው፤ ጠዋት 3 ሰዓት፣ በእኛ። ኮፍያው ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል።